የአለበል ወተት

በቆጋ መስኖ ዳር ሽንኩርት ላይ የተባይ መድኃኒት በመርጨት አለበልን የሚያህል የለም። ማሳው ትል የገባበት ሁሉ እሱን ይጠራል፤ እሱም መርጫውን አዝሎ፣ ያለ ጓንት ያለ ጭምብል ይዘልቃል። መተማመኛው ወተት ነው። ረጭቶ ሲመለስ ሚስቱ ሀብትነሽ በጣሳ ወተት ይዛ ካልጠበቀችው ደጃፉን አያልፍም፤ መርዙን ያጥበዋል ይላል። ረቡዕና ዓርብ ወተት ስለማይቀመስ፣ ቢለምኑትም አይረጭም። ሁዳዴን ሙሉ መቀመጥ ስለማይቻል ግን ያኔ በወተቱ ፈንታ ተልባ ይጠጣል።

ሀብትነሽን ያንገበገባት የመርሳቱ ነገር ነው። አለበል ድቁና የተማረ ሰው ነው፤ ማሳ እስኪደርስ የዕለቱን ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ዘንድሮ ግን መሃል ላይ ይጠፋዋል። አንድ ማለዳ ጭራሽ የገዛ ልጁ ስም ጠፋው። ልጅቱ፣ መስከረም፣ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሀብትነሽ ግን ጎትታ መራዊ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ቴዎፍሎስ ለመርሳቱ ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ገና ይመረመራል አለ። የሚረጨውን መድኃኒት ግን አልወደደውም፤ እንዲህም ሲል አስረዳቸው። አንጎልን የሚመግቡት የደም ሥሮች ግድግዳቸው እንደ አጥር ጥብቅ ነው፤ የሚጠቅመውን ያሳልፋል፣ መርዙን ይመልሳል። አንዳንዱ የተባይ መድኃኒት ግን በቆዳም በትንፋሽም ደም ውስጥ ገብቶ ያንን ግድግዳ ሾልኮ ያልፋል።

«ጋሼ አለበል፣ ሲደጋገም አጥሩ ራሱ ይላላል» አለው። «የሚጠጡት ወተት እዚያ ደርሶ አያጥብልዎትም። ጓንት ያድርጉ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ቢተዉት ደግሞ ይሻላል።»

አጥር መቼም የገበሬ ነገር ነውና አለበል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሀብትነሽም ገባው ብላ፣ ሐኪሙን እየመረቀች ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት ረጭቶ ሲመጣ ወተቱን ይዛ ጠበቀችው። አልተቀበላትም። የገዛችለት ጓንት ሳይከፈት ከነላስቲኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ወተቱ ከንቱ ነው አላለም ሐኪሙ? ለጥጃው ይሁን» አላት። «ነገ የጎረቤታችንን የወንዳወቅን ሽንኩርት እረጫለሁ።»

«ነገ እኮ ዓርብ ነው።»

«ወተት ካላስፈለገ ዓርብ ምን ያደርገኛል?»

ሀብትነሽ ጣሳውን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉ ምክር ለቅሞ ያመጣው ይህንኑ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከመርዙ ያርፍ የነበረውን ሰው፣ አሳክማ ሁለቱንም አስቀማችው።

«እንግዲያው የነገውን ዳዊት አሁን ውጣልኝ» አለችው። «ከጨረስከው መርጫውን ራሴ አሸክምሃለሁ።»

አለበል ፈገግ ብሎ ጀመረ። ጥቂት ቃል ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያው ያዘው፤ እዚያው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መርጫውን ከጀርባው ስታወርደው አልከለከላትም።

«ነገ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ምን ቀን ነው ያልሽኝ?»