የጭልፊት ዓይን

የሥራ ባልደረቦቹ ጭልፊት ይሉታል። ስሙን በሽሙጥ ያወጡለት እንዳይመስላችሁ፤ በዓይኑ ነው ያገኘው። ሌላው ሹፌር አፍንጫው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሲያጣራ፣ እሱ ከኮረብታው ማዶ የተጋደሙትን አንበሶች ቆጥሮ ይጨርስ ነበር። ጣሪያው የሚከፈተውን መኪና እየነዳ እንግዶችን በፓርኩ ውስጥ ሲያዞር ነው ጠጉሩ የሸበተው። ዝሆን ያሯሯጠው ጊዜ አለ፤ ጎማ ሲቀይር ጅብ ቆሞ የታዘበው ጊዜም አለ። ስንት አገር የዞሩ እንግዶች ሳይቀሩ "ያ ዓይነ ስለታሙ ሰውዬ ይሁንልን" እያሉ ያስጠሩታል። ሥራውን ይወዳል። ይወዳል ስል ዝም ብሎ መውደድ አይደለም፤ በእረፍት ቀኑ ቤት ሲቀመጥ መቆሚያ መቀመጫ ያጣል።

ይህ ዓይን ነው እንግዲህ የከዳው። ከአምናው ዝናብ ወዲህ ሩቁ ሁሉ ጉም ሆነበት። የቅርቡን ግን ልቅም አድርጎ ያያል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የሚያልፈውን ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ታያለች፣ እጇ ላይ ያለውን መርፌ ግን አታይም። ክሩን የሚያስገባላት እሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ዓይኑ ደክሟል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ለአለቃው መናገር ፈራ። ከእሱ በፊት የነበረ አንድ አንጋፋ ሹፌር ዓይኑ መድከሙ ሲታወቅ ሻንጣ ማመላለሻው ላይ ጫኝና አውራጅ ተደርጎ፣ ያ ሜዳ ለሜዳ የኖረ ሰው ዛሬ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል፣ ከሆቴል አውሮፕላን ማረፊያ ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ጭልፊት ዓይኑ የነፈገውን በጆሮው ይለቅም ጀመር። ጦጣ ሲንጫጫ ነብር አለ ይላል፤ መንገዱ ዳር ያለች ሚዳቋ ጆሮዋን አቁማ ወደ አንድ ወገን ካፈጠጠች እሱም ወደዚያው ይነዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን እንግዶቹን ኩይሳ አስቁሞ አሳያቸው። "አንበሳ ነው፤ ተኝቷል፤ ድምፅ አታሰሙ" ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሰዎቹም ትንፋሻቸውን ውጠው የአፈር ክምር ፎቶ አነሱ። በኋላ አንዲት ሴት በአቅራቢ መነጽሯ አይታ ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት "እናንተን ልፈትን ብዬ ነው" ብሎ አመለጠ። ያን ዕለት ግን ምሳው አልበላለት አለ።

መሥሪያ ቤቱ በዓመት አንዴ፣ እንግዳ ሲቀዘቅዝ፣ ሹፌሮች ቤተሰባቸውን በሥራ መኪና እንዲያዞሩ ይፈቅዳል። ጭልፊት ድሮ በድካም፣ አሁን ደግሞ በፍርሃት፣ በየዓመቱ ሰበብ ይፈጥራል። ዘንድሮ ግን ሚስቱ አልለቀቀችውም።

"የሰው አገር ሰው ሁሉ ፓርኩን አይቶት ሄደ። እኔ ጎረቤቱ አላየሁትም" አለችው። "ዘንድሮ ካልወሰድከኝ የተቀደደ ልብስህን ራስህ ስፋ።"

ከጎኑ አስቀምጧት ወጡ።

መጀመሪያ የቆሙት ከፓርኩ አጥር ውጭ ባለችው የከብት አርቢዎች መንደር ነው። እንግዶች ሁልጊዜ እዚያ ይወርዳሉ፤ ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ጥጃ ይዳብሳሉ፣ ወተት ሲታለብ ያያሉ። ተቀባይዋ እማማ ናቸው፤ አስተርጓሚው ጭልፊት። እማማ ነገር አይዋጥላቸውም። "እነዚህ ሰዎች ጅብ ለማየት ነው ባሕር ተሻግረው የመጡት? ፍየሌን የጨረሰውን? ካማራቸው አንድም ሳያስቀሩ ይውሰዱልኝ!" ይላሉ። እሱም በጨዋ ደንብ ወደ እንግዶቹ ዞሮ "እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ" ብሎ ይተረጉማል።

ዛሬ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገም።

"አንቺም ጅብ ልታዪ ነው ልጄ?" አሏት ሚስቱን።

"ኧረ እኔ ባሌ የት እንደሚውል ላጣራ ነው እማማ።"

"ደግ አደረግሽ፤ እሱም ከጅቡ አይሻልም" አሉና ሁለቱ እስኪደክማቸው ሳቁ። ጭልፊት በሩ ላይ ቆሞ ደስ አለው። ይህችን ቤት በሥራ ሲመላለስባት ኖሮ፣ የራሱ ሰው ገብታ ስትጫወትባት ማየት እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላወቀም ነበር።

ፓርኩ ውስጥ ሲገቡ የመገናኛ ሬዲዮው ማውራት ጀመረ። ወፍራሙ የሚሉት ሹፌር ነው፤ ከሁሉም ፊት እየነዳ አውሬ የታየበትን ቦታ ለሹፌሮቹ ይናገራል። ለአንዱ "ዝሆን፣ ወንዙ ጋ" አለ። ለሌላዋ "ቀጭኔ፣ መታጠፊያው" አለ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ "ጋሼ ጭልፊት፣ አቦሸማኔ ከነግልገሎቿ አለችልዎት። ሁለት የሚተቃቀፉ የሚመስሉ ግራሮች ሲያገኙ ያቁሙ። ከመኪናው በስተቀኝ፣ ነጭ ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ ኋላ ሣሩ ዝቅ ያለበት ቦታ። ቀስ ብለው ይድረሱ" አለ።

ሚስቱ ሬዲዮውን አየችው። ባሏን አየችው።

"ለሌላው በሁለት ቃል ነው የሚነግረው። ላንተ ምን ሆኖ ነው እጅህን ይዞ እንደሚወስድ ሰው የሚያወራው?"

ጭልፊት ላብ ላብ አለው። እሱ እኮ ወፍራሙን በቅርቡ ወሬ የበዛበት ልጅ ብሎ ሲታዘበው ከርሟል! ለካስ ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቃሉ። ሁሉም እያወቁ፣ አንድም ቀን ሳያሳፍሩት፣ በሬዲዮ እየመሩት ኖረዋል። መኪናውን ከግራሮቹ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ሁሉንም ነገራት።

ታዝንልኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ቱግ አለች።

"እንዲህ ሆነህ ነው የሰው ነፍስ ጭነህ የምትነዳው?"

"መንገዱን አያለሁ። የማላየው ሩቁን ነው።"

"ሩቁ ሲቀርብ መንገድህ ላይ አይደል የሚደርሰው? በል ያንን ነገር አንሳና ለአለቃህ ንገረው። አሁኑኑ!"

"ሻንጣ ላይ ይመድበኛል።"

"ይመድብህ! በሕይወት ብትገባልኝ ይሻለኛል" አለች። ስንት ዘመን በየማታው በር በሩን ስታይ የምትቆየው ለካ ለራት ብላ አልነበረም። ጭልፊት ሬዲዮውን አነሳ። ሹፌሩ ሁሉ እንደሚሰማው እያወቀ "አለቃ፣ ዓይኔ ሩቅ አያይም። ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ደብቄህ ነው" አለ።

ከዚያ የአለቃው ድምፅ መጣ።

"ነገ እንግዳ አትጭንም።"

ጭልፊት ዓይኑን ጨፈነ።

"ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። መነጽር አድርገህ በደንብ ካየህ መኪናህ ያንተው ነው፤ ካላየህ ግን አልዋሽህም፣ አልሰጥህም። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

"የሻንጣው ሰውዬ አልታከምም ብሎ እምቢ ስላለኝ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት። አሁን ባለቤትህን አታስጠብቃት፤ አቦሸማኔዋን አሳያት።"

ማን ማንን እንደሚያሳይ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ጭልፊት በስተቀኝ ቢያፈጥ ቢያፈጥ ቢጫ ሣር ብቻ ነው። ሚስቱ ግን ገና ዞር ከማለቷ "ውይ!" ብላ ክንዱን ያዘችው።

"ንገሪኝ" አላት። ይህን ቃል ሌሎች ሲሉት እንጂ እሱ ብሎት አያውቅም።

"ተጋድማለች። ከዓይኗ እስከ አፏ ጥቁር መስመር ወርዶላታል፣ ዚግዛግ ሳይሆን ቀጥ ያለ ስፌት። ልጆቿ ጀርባቸው ላይ ጨብረር ያለ ፀጉር አላቸው፣ እንዳልተበጠረ ሕፃን። አንደኛው ጅራቷን ነክሷታል። ኧረ ይሄ ባለጌ! ተነሳች። እየመጣች ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ እኛ!" አለች።

አቦሸማኔዋ በሣሩ መሐል ዝም ብላ መጥታ የመኪናውን አፍንጫ አሸተተችና፣ አንድ ዝላይ ዘልላ ኮፈኑ ላይ ወጣች። ቆርቆሮው ጓ አለ። ከመስተዋቱ ማዶ ቁጭ ብላ ሜዳዋን ታይ ጀመር፤ አዳኝ ከፍታ ይወዳል፣ የመኪናው ከፍታ ይበቃታል። ጭልፊት የጢሟን ፀጉር አንድ በአንድ አየ። በጆሮዋ ጫፍ የምትዞር ዝንብ አየ። ሚስቱ እጁን እስኪያመው ጨብጣው ነበር።

"አትፍሪ" አላት በሹክሹክታ። "ለመቃኘት ነው የወጣችው፤ እኛን ከቁም ነገርም አልቆጠረችንም። ዝም ብለሽ እያት።"

"አንተስ" አለች እሷ፣ "አሁን ታየችህ?"

"አሁንማ እንዴት አትታየኝ" አለ ጭልፊት፤ እንባው በጉንጩ ሲወርድ እጁን ማስለቀቅ ስላልፈለገ አልጠረገውም።