አፉን የከፈተ ጫማ

ጫማ ሰፊው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው ማራቶን ልሩጥ ብሎ የተነሳው። ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ጣሪያው ያፈሳል። ልጆቹ የሚያሰፉትን ጫማ ሲያመጡለት ውስጡ ርጥብ ነው፤ አልጋ ሥር ሲያድር ዝናብ ይገባበታል። እናም ለደንበኞቹ፣ "እኔ ልሩጥ፣ እናንተ ለጣሪያው ስጡ። ካልጨረስኩ ሳንቲም አልቀበልም" አላቸው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አፉ ግን አላርፍ አለው። "ደግሞ አዲስ ጫማ አልገዛም! ራሴ ሶል በቀየርኩለት ነው የምሮጠው። ሥራዬን እግሬ ላይ ታዩታላችሁ።"

ሚስቱ ይህን ሰምታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የምትሮጠው ለልጆቹ ነው ለሱቅህ?" አለችው።

"ለሁለቱም ቢሆን ምን አለበት?"

የጫማ ሰፊ ጫማ ሁልጊዜ የወረፋው ጭራ ነው። የሰው ሥራ እየቀደመው የሩጫው ዋዜማ ደረሰ። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ተቀብቶ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው መቆየት አለበት፤ ከዚያ ይገጠማል፣ ይቀጠቀጣል፣ ዙሪያው በክር ይሰፋል። ለደንበኛ ሲሆን ከዚህ አንዲቷን አያጎድልም። ለራሱ ግን ማስቲሹ ሳይደርቅ ገጠመው። ክሩንም "ይከብደኛል" ብሎ ተወው። እውነቱ ደክሞት ነው።

ግማሹን መንገድ በደህና ሮጠ። አስፋልቱ ሲግል የቀኝ ሶሉ ከፊት ተላቆ ጧ ጧ ይል ጀመር። በማሰሪያው ጠፍሮ አሰረው፤ ማሰሪያው ተበጠሰ።

"ኧረ ጫማው አፉን ከፈተ፣ ውሃ አጠጡት!" አሉ መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች።

"ጋሼ፣ የሠራልህን ሰው ክሰሰው!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሶሉ ጨርሶ ሲገነጠል በካልሲ ሊቀጥል ሞከረ፤ እግሩ ደማ። ያቃታቸውን የሚለቅመው ሚኒባስ ሲደርስ ሶሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ገባ።

ለቀናት ሱቁን አልከፈተም። ሚስቱ ለጠየቀው ሁሉ "አሞት ነው" ስትል ሰነበተችና በመጨረሻ መረራት። "ከእንግዲህ አልዋሽልህም። ዝናቡ ያንተ እፍረት እስኪለቅህ አይጠብቅም፤ ተነስና ሰዎቹን ለምን።"

መጀመሪያ ደንበኛው የሆነው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄደ። "አልጨረስኩም። ስለ ልጆቹ ብለህ..." ብሎ ጀመረ።

"ለጣሪያው እንጂ ለእግርህ መች እንሰጣለን አልን?" አለና ብሩን ቆጠረለት። "ይልቅ ምን ነካህ?"

"እግሬን አሞኝ ነው።"

ሌሎቹም እንዲሁ ሰጡት፤ እግዜር ይማርህ አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በየደጃፉ ያችኑ ውሸት ደገማት፤ በደገማት ቁጥር ድምፁ እያነሰ ሄደ።

መጨረሻ ላይ አትክልት ሻጯ ቀረች። ገና ሲመጣ አይታ በርጩማዋን ለቀቀችለት። "ቁጭ በል፣ በታመመ እግር አትቁም!"

መቀመጥ አቃተው። "እግሬ ደህና ነው እትዬ። ሶሉ ነው የተላቀቀው። ያጣበቅኩትም እኔው ነኝ።"

ሴትዮዋ ገንዘቡን አውጥታ ሰጠችው፤ በእሷ የጣሪያው ቆርቆሮ ዋጋ ሞላ። ከዚያ ባለፈው ሰሞን እሱ ሶል ከቀየረላት ጫማ አንዱን አወለቀች፤ ገለበጠችውና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ሳብ፣ ሳብ አደረገችው።

"ይሄስ ይዟል" አለች።

ጫማዋን መልሳ እስክታጠልቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።