ወገብ የሚያሽ ወንበር

ሰበታ በሙሽርነት በገባሁበት ዓመት የባሌ አባት የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ዓለም ገና አጠገብ ተገልብጦ ወገባቸውን ተጎዱ። እህል ነጋዴ ነበሩ። አገር ላገር ሲዞሩ የኖሩ ሰው ከአልጋ እስከ በረንዳ ለመድረስ የልጃቸውን ትከሻ መደገፍ ግድ ሆነባቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ወገብ የሚያሽ ወንበር እንደሚሸጥ ሰሙ። በኤሌትሪክ የሚንቀጠቀጥ፣ ቆዳ የለበሰ፣ ለአራት ሰው የሚከብድ ወንበር ነው። የባሌ አባት የተጠየቁትን ከፍለው ገዙት። ዋጋውን ሲሰሙ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ባለሱቁ፣ ሳቁባቸው። ሐጂም ወገባቸውን ያማቸው ስለነበር መርካቶ ሄደው በጣም ርካሹን ገዙ።

የሐጂ ወንበር ክረምቱን አልጨረሰም። መጀመሪያ ተንኳኳ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ በመጨረሻ ሞተሩ ቀጥ አለና ዶሮ ሰፈረበት። የእኛው ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«እኔ ሞተሩን ነው የገዛሁት፤ አንቱ ቆዳውን ገዙ» ይሏቸው ነበር የባሌ አባት፣ ሐጂ ሊጠይቋቸው በመጡ ቁጥር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የባሌ አባት ወንበሩ ላይ እንዳሉ መብራት ጠፋ። የባሌ እናት «እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ድምፅ እንዳታሰሚ» አሉኝ። ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። መብራቱ ሲመለስ ወንበሩ እምም ማለት ጀመረ፣ የባሌ እናትም ማውራት ጀመሩ።

«ስንዴው ነገ ይጫን አይደል?»

የባሌን አባት በመስኮት አየኋቸው። ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ ይነቀንቃሉ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች የወንበሩን ክንድ መታ መታ ያደርጋሉ።

«እንግዲያው ለልጁ እነግረዋለሁ» አሉ ሚስታቸው።

ውሃ ይዤ ገባሁ። «አባባ፣ ውሃ ልስጥዎት?» አልኩ፣ ብርጭቆው እጄ ላይ እያለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ላስይዛቸው ስል ጣታቸው ከውሃው ይልቅ ቀዘቀዘኝ። ያኔ ዓይናቸውን አየሁ። ማጥፊያውን ተጫንኩ። ራሳቸው ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ ጣቶቻቸው ቆሙ።

የባሌ እናት ተቆጡኝ። «ምነው አጠፋሽው? እያወራን እኮ ነው!»

ከለቅሶው በኋላ ባሌ ወንበሩን ሊሸጠው ሞከረ። ወሬው ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ ደርሶ ኖሮ በነፃም የሚወስደው ጠፋ። ሐጂ መጥተው ዳሰሱት፤ አብርተውም አዳመጡት። «ገና ብዙ ይሠራል» አሉ። ግን አልተቀመጡበትም፤ እገዛዋለሁም አላሉም።

የባሌ እናት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ባዶውን ወንበር እያበሩ ፊት ለፊቱ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ሰው ሳይኖርበት ለምን ያበሩታል?»

«ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዬን ትቼ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ወንበሩ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ሁለታችንም ትንፍሽ አንልም።