ለእናቴ የሠራሁት ሳሎን

አዳማ ፀሐይ ሞልቷል። የእናቴ ሳሎን ግን በቀትርም አምፖል ካልበራ አያሳይም ነበር። ለኪራይ የተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች መስኮቱን ደፍነውት፣ መብራት የጠፋ ቀን በጨለማ ተፋጠን እንቀመጣለን። አርክቴክት ልጅ እያላት! ሰው ቢታዘበኝ አይፈረድበትም።

የዓይን ሐኪሙ «ግላኮማ ነው፤ የሄደው አይመለስም» ሲላት ወደ እኔ ዞረች።

«በይ እንግዲህ፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ብርሃን ያለው ቤት ሥሪልኝ። ፊትሽን በቀን ልየው።»

እሺ አልኩ። አላለቀስኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጤ ደንዝዟል።

ሰርቪሶቹን አስፈርሼ በቦታቸው አዲስ ቤት ጀመርኩ። የከሰዓት ፀሐይ እንዳያነደን በምዕራብ በኩል ወፍራም ግድግዳ አደረግሁ። በሰሜን በኩል ፀሐይዋ ቀርታ ብርሃኗ ብቻ የሚገባበት ሰፊ መስኮት፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ነፋስ ማሳለፊያ አወጣሁ። ከተማው የወደደውን ሰማያዊ መስታወት አልፈለግሁም።

«እህቴ፣ ሰማያዊ መስታወት የሌለውን ቤት ማን ያየዋል?» አለኝ ፎርማኑ።

«እናቴ» አልኩት።

እሷ ደግሞ ወፍራም ባለ ድርብ መጋረጃ ገዝታ መጣች።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ የለፋሁት ለብርሃን እኮ ነው!»

«ኤዲያ! መጋረጃ የሌለው ቤት ራቁቱን ነው። እንግዳ ምን ይለኛል?»

ተጨቃጨቅን፤ እሷ አሸነፈች።

ሥራው ተጓተተ። ሲሚንቶ ሲገኝ ግንበኛው ይጠፋል፣ ግንበኛው ሲመጣ ሲሚንቶው የለም። መጀመሪያ ላይ ስትመጣ «ያ ግድግዳ አልተጣመመም?» እያለች ሠራተኛውን ታሳቅቀው ነበር። በኋላ ግን ነቀፋውን ተወች፤ እጇን እያስቀደመች ትራመድ ጀመር። አየሁ፤ ግን አልጠየቅኋትም።

ቤቱ በተመረቀ ዕለት እንግዳ ሳይመጣ ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ሶፋው ላይ አስቀመጥኳትና መጋረጃውን እስከ ጥጉ ድረስ ገለጥኩት። ቀትር ነበር። ብርሃኑ ልክ እንዳሰብኩት ክፍሉን ሞላው። እንዲህ ያለ ክፍል ለማንም ሠርቼ አላውቅም።

እናቴ የሶፋውን ልብስ ዳሰሰች፤ ቀና አለች።

«ልጄ፣ እዚህም መብራት ጠፋ እንዴ?»

ምንም አልተሰማኝም። እጄ ብቻ መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ።

«አዎ እማዬ፣ ጠፋ።»

«ይመጣላ» አለች። «እስኪመጣ አጠገቤ ቁጭ በይ።»