እናቴ ያለችበት ሸክላ

እናቴ ሸክላ ላይ አለሁ ትላለች። ዘፋኝ ነበርኩ ብላ አታውቅም፤ አለሁ ነው የምትለው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ አንድ ዘፋኝ ሲቀረጽ ተቀባይ ሆናለች። ሸክላው ትንሹ፣ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዘው ዓይነት ነው። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ የባንዱ ስም አለ። አዝማቹን የተቀበሉት የሦስቱ ልጃገረዶች ስም የለም።

አባቴ በሕይወት ሳለ በዚህ ነገር እረፍት አልሰጣትም። ሸክላውን ባጫወተ ቁጥር ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፍና «የት አለሽ?» ይላታል። «ቆይ፣ አሁን እመጣለሁ» ትለዋለች። አዝማቹ ይመጣል፣ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ተጨፍልቆ ያልፋል፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ቀልድ ደጋገመው፣ እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተናደደች። እሱ ሲሞት ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቶ ነበር፤ ሸክላውም ቡፌው ውስጥ ቀረ።

ባለፈው ዓመት የእናቴ ቀኝ ጆሮ እየከበደ መጣ። ሐኪሙ ግራውም ብዙ እንደማይቆይ ሲነግራት የደነገጠች አልመሰለችም። ቤት ስንገባ ግን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቡፌውን ከፍታ ሸክላውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጆሮዬ ሳይዘጋ አንድ ቀን ራሴን ብሰማ ደስ ይለኛል» አለች።

እኔ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ። በማግሥቱ አምስት ኪሎ ካለው ቢሮዬ ስወጣ ቁልቁል ወርጄ፣ ለቤታችን ቅርብ በሆነው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ርካሽ የሸክላ ማጫወቻ ገዛሁ። ሻንጣ ነው የሚመስለው፤ ስፒከሩ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ድምፁ አሳፈረኝ። ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፣ ከበሮው ቆርቆሮ ነው፣ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ መርፌው እየዘለለ ያልፈዋል። እናቴ ተነስታ ከመሳቢያ አሥር ሳንቲም አመጣችና መርፌውን በያዘው ክንድ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። እኛ ቤት፣ አባቴ ባስተማረን መሠረት፣ ሸክላ ሳንቲም ካልተጫነው ይዘላል። በሰፈራችን ሸክላ የነበረው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እውነትም መዝለሉን ተወ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደዚያው አጫወትነው፤ እናቴ ግን ራሷን አልሰማችም።

በአራተኛው ቀን ማጫወቻውንም ሸክላውንም ይዤ ፒያሳ ወደሚሠሩ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ ሄድኩ። ክዳኑን እንደከፈቱ ሳንቲሙን አዩት።

«ይህን ማን ጫነው?»

«እናቴ ናት፣ ጋሼ። መርፌው ሲዘል ጊዜ።»

ሸክላውን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ እያረሳችሁት ነው» አሉ። ክብደት ሲበዛበት መርፌው ድምፁ የተቀረጸበትን መስመር እንደሚፍቅ፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ እንደሆነ አስረዱኝ። ቀጭኑ ድምፅ የልጃገረዶቹ ነው። አባቴን አሰብኩት፤ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቴን እየፈለገ ሲፍቃት ኖሯል። እዚያው የሱቁ በር ላይ እንባዬ መጣ።

«አልቆለታል ማለት ነው?»

«ምን አውቄ። ሸክላ እንደምታስቢው በቀላሉ አያልቅም። መርፌውን እለውጥልሻለሁ፣ ክንዱንም አቀልልልሻለሁ። የቀረው ያንቺ ሥራ ነው። ሳትጨርሺ ግን እንዳታጫውቺው።»

የቀረው ሥራ ጠላት አፈራልኝ፤ ጠላቴም እናቴ ሆነች። ጋሼ ማጫወቻው የሚቀመጥበት ቦታ ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን፣ ከሥሩ ጨርቅ አይኑር ብለውኛል። እኛ ቤት ደግሞ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሰዋል። ማጫወቻውም ገና በመጣ ዕለት ከሥሩ ተነጥፎለታል። ዳንቴሉን ሳወጣው ፊቷ ተለወጠ።

«ራቁቱን ልታስቀምጪው ነው?»

«እማዬ፣ በዳንቴሉ ምክንያት እየተንገዳገደ ነው። ድምፁን የሚያበላሸው አንዱ እሱ ነው።»

«ዳንቴሌ ያንን ሸክላ አበላሸ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ከወሎ መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት አባቷ፣ ልጃቸው ከዘፋኝ ጋር መቆሟን ቢሰሙ ከቤት አትወጣም ነበር። ስለዚህ ልምምድ ስትሄድ ዳንቴል ልማር ነው ብላ ትወጣለች። አንድ ወር ሲሆናት አባቷ «እስቲ የተማርሽውን አሳዪን» አሏት። ከጓደኛዋ እህት ዘንድ ገብታ፣ ጣቷ እስኪቆስል በአራት ቀን ተምራ አንድ ሠራች። አያቴ ያችን ዳንቴል ሬዲዮናቸው ላይ አድርገው ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ከዚያ በኋላ መዝፈኑን ተወችው፤ ዳንቴሉን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተወችም።

ዳንቴሉን አጣጥፌ በእጇ ሰጠኋት።

የቤታችን ወለል ጣውላ ነው፤ ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ ብርጭቆው ይንቀጫቀጫል። ከማጫወቻው ሥር ከባድ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር። እናቴና አባቴ ሲተጫጩ ማኪያቶ ይጠጡበት የነበረው ኬክ ቤት ሲፈርስ፣ ጎረቤታችን ከባንኮኒው የተሰበረ እብነ በረድ አምጥቶ የግቢውን በር ማቆሚያ አድርጎት ነበር። ብሎኬት ሰጥቼ ለወጥኩት። አሮጌ ነጠላ ጫማ ቆራርጬ ንዝረቱን እንዲይዝ በአራቱ ማዕዘን ከሥሩ አደረግሁ። የተዋስኩት ውሃ ልክ ደግሞ ጉዳችንን አወጣው፤ ጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ራሱ ወደ ድልድዩ ያዘነብላል። የክብሪት ካርቶን አጣጥፌ በአንዱ እግር ሥር ሰነቀርኩ። የአባቴን አሮጌ ቴፕ አውጥቼ ጋሼ በሠሩልኝ ገመድ ከማጫወቻው ጋር አገናኘሁት፤ የቴፑን ስፒከሮች ከጠረጴዛው አርቄ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ሸክላውን ያጠበችው እናቴ ናት። ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና፣ የመሃሉን ወረቀት ሳታርስ፣ የሕፃን ፊት እንደምታጥብ አድርጋ አጠበችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መርፌውን አሳረፍኩ። የዘፋኙ ጉንፋን ለቆታል። ከበሮው ከበሮ ሆኗል። እናቴ ግራ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች፤ ልክ እንደ አባቴ። የመጀመሪያው አዝማች መጣ፤ ጠርቷል፣ ሦስቱ ድምፆች ግን አሁንም አንድ ናቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው አለፈ። የታረሰው ታርሷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከሦስተኛው አዝማች በፊት ባንዱ ለአፍታ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዷ ልጅ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሳይጀምሩ፣ በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ ሳበች። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። እናቴ ልትቆጣኝ ስትል የምትስበው ነው፤ ከወንበር ልትነሳ ስትልም፣ ለሰው እምቢ ልትል ስትልም። በልጅነቴ ከማድቤት ከሰማሁት የምደበቅበት ቦታ ነበረኝ።

ዞሬ አየኋት። አልሰማችውም። ለጆሮዋ ቀጭን ነበር። ዘፈኑ አለቀና ቀና አለች።

«የት አለሁ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ ልትጀምሪ ስትይ ትንፋሽ ትስቢያለሽ። ከሁለቱ ቀድመሽ።»

አጣጥፌ የሰጠኋት ዳንቴል ጭኗ ላይ ነበር፤ ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው።

«የሚቀርጸው ሰውዬ ተቆጥቶኝ ነበር» አለች። «ትንፋሽሽ ይሰማል ብሎ ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ አራቀኝ። አፍሬ ለአባትሽ እንኳ አልነገርኩትም።» ከዳንቴሉ ቀና ብላ፣ «አለሁ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አለሽ።»

ያችኑ ትንፋሽ ሳበችና ዳንቴሏን ይዛ ከወንበሯ ተነሳች።