ጥርሴን ያነጣሁበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከደብረ ብርሃን መጣች። ምሳ ላይ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ፊቷ ኮሶ የጠጣች መሰለ። ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

«አልጠማኝም አባዬ።»

ጥርሷ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ሐኪም ቤት ሄዳ አስነጥታዋለች። ስለ ከንቱ ውበት የምናገረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። አገሬ ቀየት ላይ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነበር፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ከፊቴ የምትቀመጠው ፀሐይ ድዷን ተነቅሳ ስለነበር ስትስቅ ጥርሷ ያበራል። አንድ ቀን ተነሥቼ ሳነብ ዞር ብላ አየችኝና «ውይ! ጥርስህ የገብስ ቆሎ መሰለ እኮ» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ልልክባት ቆርጬ ነበር።

የወይራ መፋቂያ ዘገየብኝ። ከመሐል ሜዳ ገበያ የቆላ ሎሚ ገዝቼ፣ ከኩበት አመድ ጋር ጠዋትና ማታ ፈተግሁት። ነጣ። ግን የጥቅምት ንፋስ አፌ በገባ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ጀመር።

ሽማግሌዎቼ ሊሄዱ አምስት ቀን ሲቀር አባቷ ጋሽ ደምሴ ለገብስ አጨዳ ደቦ ጠሩ። ጉልበቴን ይዩልኝ ብዬ ማጭዴን ይዤ ሄድኩ። ከሁሉም ቀድሜ አጨድኩ። ምሳ ላይ ቆሎና እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ጠላ ቀረበ፤ እኔ አልነካሁትም። የደቦ ጠላ አለመቅመስ ደግሞ ባለቤቱን መናቅ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ቤቴን ናቅኸው?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«ኧረ ጾም ይዤ ነው።»

አጠገባቸው የነበሩት ቄስ ቀና አሉ። «በማክሰኞ? ይህን ጾም ማን ደነገገው? ለእኔም ንገረኝ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ጉልበትህን አይቻለሁ። ውሸትህንም አየሁ» አሉ።

ልጅቱን በዚያች ቅጽበት እንዳጣኋት ገባኝ። ከውሸቱ የባሰ ምን ይመጣል ብዬ እውነቱን አወጣሁት።

«ጥርሴን ነው አባቴ። ይነጣልኝ ብዬ በሎሚ አቃጠልሁት።»

የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ራቤል ሳይሰማ አይቀርም። ጋሽ ደምሴም ሳቁ። ጠላ የምትቀዳው ፀሐይ ግን ጓዳ ገብታ በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ በሶ አመጣችልኝ። «በእኔ ምላስ ነው የመጣብህ» አለች ዝቅ ብላ። «እኔም የተነቀስኩ ጊዜ ሳምንት ሙሉ በሶ ነው የጠጣሁት።»

ለመታየት የጀመሩት ነገር ውሸት ይጠራል፤ ለልጆቼ ስለው ኖሬያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የማን ታሪክ እንደሆነ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ባለፈው ሳምንትም ምሳ ላይ ተግሣጼን ልጀምር ስል ፀሐይ የልጃችንን ብርጭቆ አንሥታ ወደ ምድጃው ሄደች።

«ውሃ ላሙቅላት። አንተ በሶውን አውርድ» አለችኝ።

አወረድኩ።