በመዳፍ የተቀመሰ ወይን

የማርም ሆነ የዘቢብ፣ ወይን የሚባል ነገር ምላሴን ከመንካቱ በፊት በጆሮዬ ጠግቤው ነበር። ልጅ ሳለሁ ማለቴ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታክሲዎቹ ዳገቱን ጨርሰው ከሚዞሩበት ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ከእማዬና ከእማዬ አባት ጋር ስንኖር። አያቴን ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። በጠፋ ቁጥር እማዬ «ደግሞ ሄደች!» ብላ ስታማርር እኔ በሆዴ እልል እላለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ አባባ ይከፈታሉና።

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስር እየሾለከ ሲገባ የከሰል ምድጃው ወደ መሃል ይሳባል፣ ፋኖሱ መስኮቱ ጥግ ይሰቀላል፣ ፍሙ ላይ ጣል የተደረገው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዓይናችንን እያቃጠለ አፍንጫችንን ይከፍትልናል፤ አባባም ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ፍሙ ላይ እያገላበጡ ይጀምራሉ። ተረታቸው ከየትም ቢነሳ መጨረሻው ገበታ ላይ ነው። ገበታው ላይ ደግሞ ወይን ወይም ጠጅ አይጠፋም።

ይህ ያለምክንያት አልነበረም። አባባ በወጣትነታቸው የጠጅ አሳላፊ ነበሩ። ማስረዳት ስለምወድ ታገሱኝ። አሳላፊ ማለት በሰርግና በትልልቅ ግብዣ ላይ ጠጅ የሚቀዳው ሰው ነው፤ ሥራው ግን መቅዳት ብቻ አይደለም። ከመቅዳቱ በፊት ከዕቃው ጠብ አድርጎ ግራ መዳፉ ላይ ያፈስና እንግዳው እያየው እሱ ቀድሞ ይቀምሳል። ብርሌው የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ልማዱ የመጣው ከመርዝ ፍራቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። አባባ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚነግሩኝ። «የምሰጥህን ነገር እኔ ቀድሜ ወስጄዋለሁ፣ ክፉ ከሆነም በእኔ ይጀምር ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ፈሳሽ ነው።»

ከተረቶቻቸው ሁሉ ደጋግሜ የማስነግራቸው የአንዲት አሳላፊ ሴትን ነበር። አንድ ባለጸጋ ልጁን ይድራል፣ አገር ይጠራል፣ ጠጁም ከሰነበተ ማር ተጥሎ ይጠብቃል። ሴትዮዋ በእንግዶቹ ፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስትቀምሰው ጠጁ ተበላሽቷል። ባለጸጋው ከተቀመጠበት ሆኖ በዓይኑ «ቅጂ!» ይላታል። እዚህ ላይ አባባ ዓይናቸውን ያፈጣሉ፤ በፋኖስ ብርሃን ያ ዓይን በጣም ያስፈራ ነበር። እሷ ግን ዕቃውን ታቅፋ ትወጣና ደጅ ላይ ትደፋዋለች። ሙሽራዋ ታለቅሳለች። ባለጸጋው ዱላውን ሲፈልግ ከእንግዶቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ይነሱና ባዶ ብርሌያቸውን ይዘረጋሉ፤ «ከዚህች ሴት እጅ ውሃም እንጠጣለን!» የሰርጉ ሰው ሁሉ ተነስቶ ብርሌውን ዘረጋ፣ ውሃ እየተቀዳለት ጨፍሮ አደረ።

«ውሃ ጠጥቶ የሚጨፍር ሰርገኛ አይቼ አላውቅም» ትላለች እማዬ ከጓዳ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ አልተጠራሽ!» ይላሉ አባባ።

እኔ እስቃለሁ፤ ግን ሴትዮዋን አምናታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። እማዬ መስፍን የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ ያኔ ጴንጤ ከሆነ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ አባባ በእጃቸው ከጣሉት ጠጅ መዳፋቸው ላይ ቀምሰው ወደ መስፍን ብርሌ ሲያዘነብሉ፣ እሱ የብርሌውን አፍ በእጁ ከደነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልኮል ትቻለሁ። ውሃ ይበቃኛል።»

«እኔ ቀምሼ የሰጠሁህን?»

«በእርስዎ አይደለም እኮ አባባ…»

«እኛ ስንጠጣ አንተ ለብቻህ ውሃ ይዘህ ልትመለከተን ነው? ምንድን ነህ፣ ዳኛ?»

መስፍን የጎረሰውን እንኳ በቅጡ ሳያላምጥ ተነስቶ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ አልመጣም። ለእማዬ ይደውልላታል፤ ስሙ ሲነሳ አባባ ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ። የአሳላፊዋን ተረትም ተዉት። ብለምናቸው፣ ብለማመጣቸው፣ «ረስቼዋለሁ» አሉኝ። እኔን የጎዳኝ ይሄኛው ነበር፤ አጎቴንም ተረቴንም በአንድ ቀን ተነጠቅሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሑዳዴ ሊያልቅ ሲል እማዬ «መሴ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል» አለች። አባባ «ይምጣ። ውሃውንም ይዞ ይምጣ» አሉ። ገና ልጅ ብሆንም አንድ ነገር ገብቶኛል። ያ እጅ ብርሌውን ሁለተኛ ከከደነ፣ መስፍን ሦስተኛ አይመጣም።

ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ዘቢብ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ የማያሰክር ጣፋጭ ወይን እንደሚወጣው ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቼ ነበር። ታዲያ ይሄ ለሁለቱም አይሆንም? ለአባባ ወይን ነው፣ ለመስፍን አልኮል አይደለም! እማዬን ነዝንዤ ዘቢብ አስገዛኋት። ለአባባ ድንገተኛ እንዲሆንባቸው ብዬ ደግሞ ጠጅ የሚጥሉባትን አንገተ ጠባብ ገምቦ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ ዘቢቡን ዘፍዝፌ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ደበቅኳት። ጥሩ መጠጥ ጥሩ ዕቃ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ስንቴ ጎንበስ ብዬ እንዳየኋት አትጠይቁኝ። አባባ ከጆንያው ጀርባ ስወጣ አግኝተውኝ «ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው ቸኩሏል» ብለውኛል።

አልቀመስኩትም። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ጾም በሚጾምበት ቤት ያደገ ልጅ ብቻ ነው የሚሳሳተው። እማዬ ቅዳሜ ለታ ዶሮ ስትሠራ ጨው ጨምራ አትቀምስም፤ ገና ጾም ነው። ክዳኑን ከፍታ ትጎነበስና በአፍንጫዋ ብቻ «በቅቶታል» ትላለች። እኔም ራሴን ከእሷ እኩል ባለሙያ አድርጌ፣ ለፋሲካ የተዘጋጀ ነገር ከፋሲካ በፊት አይቀመስም ብዬ ደመደምኩ። ዘቢብ ጾም እንደማያስገድፍ እያወቅኩ! በአፍንጫዬም ላጣራ ሞከርኩ፤ ግን ቤቱ በሽንኩርትና በቅቤ ታፍኖ ስለነበር የሸተተኝ ዶሮው ነው። «በቅቶታል» አልኩ እንደ እማዬ።

ገምቦዋ ውስጥ አልገባ ያለችኝን ትራፊ ዘቢብ ቅዳሜ ከሰዓት በላስቲክ ጆግ ዘፍዝፌ፣ በማግስቱ ጨምቄ አጠለልኳት። ቀለሟ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ናቅኳትና ጓዳ ተውኳት።

እሁድ ቀትር ላይ መስፍን ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። ተሳሳሙ፤ ግን ተሳስመው ሲያበቁ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ገበታው ቀረበ። አባባ ጠጃቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ ገምቦዬን ታቅፌ ብቅ አልኩ።

«አባባ፣ ዛሬ አሳላፊዋ እኔ ነኝ። መስፍኔ፣ የዘቢብ ወይን ነው፤ አያሰክርም፣ ለአንተ ብዬ ነው።»

የአባባ ቅንድብ ተነሳ። መስፍን እኔንም እሳቸውንም አየና ቀስ ብሎ ብርሌውን ወደ እኔ ዘረጋ። እጁ ክዳን አልሆነም! በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። እንደተማርኩት ግራ መዳፌን አጎድጉጄ ጠብ አደረግኩ።

መዳፌ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተንጫጫ። ስቀምሰው ጣፋጭ ነው፤ ቀጥሎ ግን ምላሴን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ጉሮሮዬም ሞቀ። ይህን ሙቀት አውቀዋለሁ። አባባ በዓመት አንዴ በጣታቸው ጫፍ ከሚያቀምሱኝ ጠጅ ውስጥ ያለው ነው።

መስፍን ብርሌውን እንደዘረጋ ነው። ዝም ብዬ ብቀዳለት ያ ቀን ያምራል፤ ማንም ምንም አይለኝም፣ ምናልባት እሱም አይለየው ይሆናል። የባለጸጋው የፈጠጠ ዓይን ታየኝ፤ «ቅጂ!»

«መስፍኔ፣ እንዳትጠጣው» አልኩ። «ጠጅ ሆኗል። ያሰክራል።»

ገምቦዋን ታቅፌ ወደ በሩ ዞርኩ። እንባዬ ስለቀደመኝ ደፉን እንኳ አላየሁትም። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ከዚህች ሴት እጅ ውሃም እንጠጣለን!»

መስፍን ነው። ባዶ ብርሌውን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ድምፁን እንደ አባባ አወፍሮ፣ እንደ አባባ ጉሮሮውን ጠርጎ። አባባ ወደ እሱ ዞሩ።

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ። መብራት ሲጠፋ።»

አባባ ወደ ፍሙ ሊዞሩ አሰቡ መሰለኝ፤ ግን ቀትር ነበርና ፍም አልነበረም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው፤ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ነው።

«ነይ ወዲህ፣ አሳላፊ! ያን ገምቦ እንዳትደፊው፣ አበድሽ እንዴ? ሌላ የለሽም?»

ያቺን የናቅኳትን ጆግ ይዤ በሩጫ ተመለስኩ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩ። ዝም ያለ፣ ለስላሳ፣ ጣፋጭ። ለመስፍን ልሞላለት ቀና ስል፣ አባባም ጠጃቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ባዶ ብርሌ ዘርግተዋል።

«ለእኔም ከእሱ።»

«ውይ አባባ፣ እርስዎም ጴንጤ ሊሆኑ ነው?» አለች እማዬ።

«ዝም በይና ብርሌሽን ዘርጊ!»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ለብቻዬ ተማርኩ፤ መምህሬ ስልኬ ነው። ጠጅ ሲጣልበት የኖረ ሸክላ በግድግዳው ውስጥ እርሾ ይደብቃል፤ እርሾው የዘቢቡን ስኳር እየበላ አልኮልና አረፋ ያወጣል። ገምቦዋ ታዲያ ስድስት ቀን ሙሉ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ። የውጭ አገር ወይን ቀማሾች ብርጭቆ እያወዛወዙ ሲያሸቱም አይቻለሁ። እስቃለሁ፤ መዳፍ እኮ መጠጡን ያሞቀዋል፣ ሲሞቅ ሽታው ይነሳል፣ ደግሞ ወደ አፍ ሲወሰድ መጀመሪያ በአፍንጫ ስር ነው የሚያልፈው! አባባ መዳፋቸውን ብርጭቆ አድርገው ነበር የሚዞሩት። ይህን ሳስረዳቸው «እሱን እንኳ አላሰብኩትም» አሉኝ፤ ኩራቴ ለሳምንት በቅቶኛል።

መስፍን ከዚያ ወዲህ ፋሲካን አንድም አልቀረ። ገበታችን ላይ አሁን ሁለት ዕቃ ይቀመጣል፣ የአባባ ጠጅና የእኔ ዘቢብ፤ ሁለቱም በእኔ መዳፍ ያልፋሉ፣ የመጀመሪያው ዙር ግን ለሁሉም ከዘቢቡ ነው። የአሳላፊዋ ተረትም ተመልሷል። አባባ ጀምረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ የመጨረሻዋን ቃል ለመስፍን ይተዉለታል።

ስለ ወይን ምን ታውቂያለሽ የሚለኝ ቢኖር ብዙ እዘረዝርለታለሁ፤ ስለ እርሾው፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሸክላው። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ግን ያን ቀትር ነው፤ መዳፌን ቀምሼ ቀና ስል፣ ዓመት ሙሉ ያልተያዩት ሁለት ሰዎች ብርሌያቸውን እኩል ዘርግተው እኔን ሲጠብቁ።